ዓሣው ሲታመም መጀመሪያ ውኃው ይታከም

በቤት ገንዳ ውስጥ ያለ ሲክሊድ ሲደክም መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

ኡራን፣ ሞያሌ፦ በገበያ ላይ አንድ ኮርማ ሲቀርብ ልምድ ያለው ነጋዴ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ብዙ ነገር አይቶ ይጨርሳል። ጆሮው ቆሟል ወይስ ወድቋል? አፍንጫው እርጥብ ነው ወይስ ደርቋል? ያመሰኳል? ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል? እበቱ ምን ይመስላል? ከዚያ ደግሞ ይጠይቃል፤ ከየት መጣ፣ ስንት ቀን ተጓዘ፣ የት ውኃ ጠጣ፣ ከማን መንጋ ጋር አደረ። መርፌና መድኃኒት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይኸው ነጋዴ እቤቱ ገብቶ በሳሎን ወይም በሱቁ ካለው የመስታወት የዓሣ ገንዳ ፊት ሲቆም ግን ያ ሁሉ ጥበብ ብን ብሎ ይጠፋል። ዓሣው ጠቁሮ ጥግ ይዞ፣ ምግብ እምቢ ብሎ ሲታይ፣ ወዲያው እጅ የሚዘረጋው መኪና ውስጥ ወዳለው የከብት መድኃኒት ነው። ጥቂት ጠብታ ይጨመራል፤ በማግሥቱ ሌላ ይጨመራል፤ በሦስተኛው ቀን ገንዳው ባዶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ዓሦቹን የጨረሰው በሽታው ሳይሆን የውኃው መበላሸትና የተጨመረው መድኃኒት ነው።

ይህ ጽሑፍ ለከብት ያለንን ዓይን ወደ ገንዳው ስለማዞር ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ዓሣ የሚኖረው በሚተነፍሰው፣ በሚሸናበትና በሚበላበት በአንድ ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ከታመሙ የቤት ዓሦች ብዙዎቹ መጀመሪያ የታመመው ውኃቸው ነው።

ሲክሊድ የቆሮሶ ዘመድ ነው

ሲክሊድ የአንድ ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ስም ነው። በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞና በጣና ሐይቆች የሚጠመደው፣ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በኬንያ በኩል ቲላፒያ የሚባለውም እሱው ነው። የማርሳቢት ካውንቲ ምዕራባዊ ጫፍ ቱርካና ሐይቅን ይነካል፤ በሎያንጋላኒ በኩል ያሉ ዓሣ አጥማጆች ከሚያወጧቸው አንዱ ይኸው ቆሮሶ ነው። ስለዚህ አገሩ ደረቅ ቢሆንም ሲክሊድ ለካውንቲያችን እንግዳ አይደለም።

ለቤት ገንዳ የሚሸጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለምግብ የሚሆኑት አይደሉም። ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የተገኙ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ትናንሽ ሲክሊዶች፣ እንዲሁም ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ትልቁ ኦስካር በዓለም የዓሣ ገበያ የታወቁ ናቸው። ጠንካራ፣ ተደባዳቢና ግዛት የሚይዙ ዓሦች ናቸው። ሲክሊድ ታመመ ወይስ አልታመመም የሚለውን ለመለየት ይህን ባሕርያቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ ታሟል?

ሳይታመሙ የታመሙ የሚመስሉባቸው ሦስት አጋጣሚዎች አሉ።

አንደኛው እርግዝና የሚመስለው ነው። ቆሮሶና የማላዊ ሲክሊዶች እንቁላላቸውን በአፋቸው የሚያሳድጉ ናቸው። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ለሁለት ሳምንት፣ በማላዊዎቹ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል አትበላም ወይም በጣም ጥቂት ትበላለች። ጉንጯ አብጦ፣ ጥግ ይዛ፣ አፏን እያላመጠች ከታየች ታማለች ብሎ መድኃኒት መጨመር ልጆቿን መግደል ነው። እሷን ማንም እንዳይነካት ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው ድብደባ ነው። በአንድ በረት ሁለት ወይፈን ሲገጥም ደካማው ዳር እንደሚይዝ ሁሉ፣ በገንዳም የተሸነፈው ዓሣ ይጠቁራል፣ ክንፉን ይሰበስባል፣ ከላይ ጥግ ወይም ከማጣሪያው ጀርባ ይደበቃል። ክንፉ ከተቀደደና ሌላ ዓሣ ሲያሳድደው ከታየ መድኃኒቱ መለየት ነው። መለያ ገንዳ ከሌለ ድንጋዮቹን ቦታ ማቀያየር የያዙትን ግዛት ስለሚያፈርስ ለጊዜው ጠቡን ያበርደዋል።

ሦስተኛው የመንገድ ድካም ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለከብት ምን እንደሚያደርግ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ዓሣም በላስቲክ ከረጢት ተጉዞ ሲደርስ አንድ ሁለት ቀን ቀለሙ ቢደበዝዝና ባይበላ አያስደነግጥም። መብራት ማጥፋት፣ ጸጥታ መስጠት፣ ምግብ አለማስቸኮል ነው።

ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ግን ዓሣውን እንደ ከብት ይዩት። ሩቅ ቆመው፣ ሳይነኩ፣ ለአሥር ደቂቃ። የስንጥቡ ክዳን ስንት ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል፤ ከጤነኞቹ ይፈጥናል? አፉን ወደ ውኃው ገጽ አድርጎ አየር ይጎርሳል? ድንጋይ ላይ ይታከካል? ነጭ ነጥብ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር፣ ቁስል አለው? ሆዱ አብጧል ወይስ ገብቷል? ኩሱ ምን ዓይነት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ መለያ ነው። ሁሉም ዓሦች በአንድ ቀን ከታመሙ ውኃውን ይጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ታሞ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ድብደባ፣ ምግብ ወይም በሽታ ሊሆን ይችላል።

ገንዳ የተዘጋ በረት ነው

አንድ መቶ በግ በጠባብ በረት ውስጥ ዘግቶ፣ እበትና ሽንታቸውን ሳያነሱ አንድ ወር ማቆየት ምን እንደሚያመጣ ማንም ያውቃል። ዓይን የሚያቃጥለው ያ ሽታ አሞኒያ ነው። በዓሣ ገንዳም የሚጠራቀመው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ አለመታየቱና አለመሽተቱ ነው። ውኃው እንደ ምንጭ ጥርት ብሎ ዓሣ ሊገድል ይችላል።

በተለመደ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ የሚያጠፉት በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ናይትሬት ግን በጣም ካልበዛ አይጎዳም፤ በየሳምንቱ በሚቀየር ውኃ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ገንዳ በገዙ ቀን አሥር ዓሣ አብሮ የሚያስገባ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚያለቅስበት ምክንያት ይህ ነው።

የአካባቢያችን ውኃ ነገሩን ያከብደዋል። አሞኒያ ምን ያህል መርዝ እንደሚሆን የሚወስነው የውኃው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዘኛው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ፒኤች 9 ሲደርስ ከሦስት አንድ እጅ ያልፋል። የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ጨዋማና ፒኤቹ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለስላሳ ውኃ ባለበት አገር ዓሣ የሚቋቋመው ቆሻሻ እዚህ ሊገድለው ይችላል። ሙቀት ሲጨምርም መርዙ ይጨምራል፤ በዚያው ላይ ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ሲክሊድ በኬንያ አለ። ከናይሮቢ ደቡብ ምዕራብ ባለው በማጋዲ ሐይቅ ዳር፣ ፒኤቹ ወደ 10 በሚጠጋና ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስ ፍል ውኃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቲላፒያ ነው። ሌሎች ዓሦች ቆሻሻቸውን በአሞኒያ መልክ በስንጥባቸው በኩል ያስወጣሉ። በማጋዲ ውኃ ግን አሞኒያ ከሰውነት ሊወጣ ስለማይችል፣ ይህ ዓሣ እንደ ከብትና እንደ ሰው ወደ ዩሪያ ለውጦ ያስወጣዋል። ከዓሦች መካከል እንዲህ የሚያደርጉት እጅግ ጥቂት ናቸው። የእርስዎ ገንዳ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን ይህ ችሎታ የለውም። የሱ ኩላሊት የእርስዎ ጀሪካን ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይደረግ?

ምግብ ያቁሙ። ጤነኛ ትልቅ ሲክሊድ ለሁለት ለሦስት ቀን ባይበላ አይሞትም። ያልተበላ ምግብ ግን ይበሰብሳል፣ አሞኒያም ይሆናል።

የአየር ፓምፑንና ማጣሪያውን ይዩ። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ከነበረ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር የሚጎርሱት በኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። መብራት እስኪመጣ ውኃውን በንጹሕ ጣሳ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል።

ውኃውን ይለኩ። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መለኪያ በጠብታ ወይም በወረቀት መልክ የዓሣ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። ዓሣ ሲገዙ አብሮ መግዛት ይበጃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ከዜሮ በላይ ከሆኑ ምርመራው ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል፤ በሽታው ተገኝቷል።

ውኃ ይቀይሩ። መለኪያ ባይኖርም ይህን ማድረግ አይጎዳም። የገንዳዎን መጠን ለማወቅ ርዝመቱን፣ ወርዱንና የውኃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ከሆነ 112 ሊትር ይመጣል፤ ድንጋይና አሸዋው የሚይዘው ሲቀነስ 100 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ አንድ ሦስተኛውን መቀየር ማለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማይሞላ ውኃ ነው። ውኃ በጀሪካን ተቆጥሮ በሚገባበት እንደ ኡራን ባለ ቦታ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ነገር ግን ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ጨውና መድኃኒት ካልገባበት ለችግኝ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ አይባክንም። ይህን ያህል ውኃ በየሳምንቱ ማግኘት የማይችል ቤት ደግሞ ገንዳውን ሳይሆን የዓሦቹን ቁጥር ይቀንስ። ለግጦሹ የማይመጥን መንጋ አይያዝም።

የሚጨመረው ውኃ ከየት እንደመጣ ይወቁ። በቦቴ የመጣ ወይም ውኃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ የተጨመረበት ውኃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። አፉ በተከፈተ በርሜል ከ24 እስከ 48 ሰዓት አየር እየነፉበት ወይም እያማሰሉ ማቆየት፣ ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጠቀም ያስፈልጋል። ከጉድጓድ በቀጥታ የወጣ ውኃም ኦክስጅን ሊጎድለው ስለሚችል አንድ ቀን ይደር። የኩሬ ውኃ የከብት መዥገር መድኃኒት ቅሪትና ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ስለሚችል ባይጠቀሙ ይሻላል።

ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ አይጠቡ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ውኃ ለቅለቅ አድርገው ይመልሱ። ጨርሶ የታጠበ ማጣሪያ ማለት ባክቴሪያው ያለቀበት፣ እንደ አዲስ የሚጀምር ገንዳ ማለት ነው።

በዚህ ብቻ በአንድ ቀን ውስጥ ዓሣው ቀለሙ ከተመለሰና ወደ መሐል ከወጣ መድኃኒት አያስፈልገውም። በተከታታይ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ውኃ እየቀየሩ ምግቡን ማሳነስ ይበቃል።

ውኃው ደህና ሆኖ ዓሣው ከታመመ

ነጭ ነጥብ። በአካሉና በክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጥብ ካለና ዓሣው ድንጋይ ላይ የሚታከክ ከሆነ ነጭ ነጥብ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ ከቆዳው ሥር ሳለ መድኃኒት አይነካውም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ፣ ከተራባ በኋላ ልጆቹ በውኃው ውስጥ ሲዋኙ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ማቆም እንደ መዥገር ነው፤ ከከብቱ የወደቀው መሬት ላይ እንቁላል ጥሎ ይጠብቃል። የውኃውን ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ ማድረስ፣ አየሩን መጨመርና በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም ጨው መጨመር፣ ይህንንም ለሁለት ሳምንት ማቆየት የተለመደ ሕክምና ነው። ለ100 ሊትር ከ100 እስከ 200 ግራም ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን ከፋፍለው፣ በሌላ ዕቃ አሟሙተው ይጨምሩ። አብረው ያሉ ተክሎችና አንዳንድ የአምባዛ ዓይነቶች ጨው አይወዱም።

ጥጥ የመሰለ ነገርና የተበላ ክንፍ። ቁስል ላይ የሚበቅል ነጭ ጥጥ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ነው፤ በአፍ ዙሪያና በጀርባ ላይ ግራጫ ሆኖ ቶሎ የሚስፋፋው ግን ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚገቡት በተጎዳ ቆዳ በኩል ነው። ስለዚህ ማን እንደነከሰው፣ ውኃው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ። በለጋ ደረጃው ንጹሕ ውኃ፣ ጨውና መለየት ያድነዋል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከተስፋፋ የባለሙያ ምክርና ትክክለኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የሆድ መነፋትና ነጭ ኩስ። ዓሣው ምግብ እየጎረሰ መልሶ የሚተፋ፣ ረጅም ነጭ ክር የመሰለ ኩስ የሚጥል፣ ከዚያም ሆዱ የሚነፋ ከሆነ በተለይ በማላዊ ሲክሊዶች የታወቀው የሆድ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምግብ ነው። አብዛኞቹ ባለቀለም የማላዊ ዓሦች ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ የሚግጡ ናቸው። እነሱን በጉበት፣ በሥጋ ቁራጭና በጮማ መመገብ ሣር የለመደን በሬ በድንገት እህል ላይ እንደመልቀቅ ነው። የከብት ስብ በዓሣው ሰውነት ሙቀት የማይቀልጥ በመሆኑም ይጎዳዋል። ምግቡን ያቁሙ፣ ውኃ ይቀይሩ፣ ዓሣውን ይለዩ። በአንጀት ውስጥ ላለው ተውሳክ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ነው። ዓሣው ገና የሚበላ ከሆነ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ መስጠት ይመረጣል። ካልበላ በመለያ ገንዳ ውስጥ ለ40 ሊትር 250 ሚሊ ግራም፣ ቀን እያለፉ ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ ውኃ እየቀየሩ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ለጌጥ ዓሣ ብቻ ነው፤ ለሚበላ ዓሣ አይሰጥም።

በግንባር ላይ የሚታይ ጉድጓድ። በኦስካር ላይ በብዛት ይታያል። የቆየ ውኃ፣ አንድ ዓይነት ምግብና የአንጀት ተውሳክ አብረው ይጠረጠራሉ። ውኃውን ማደስና ምግቡን ማለዋወጥ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ የተነሳና ሰውነቱ ያበጠ። ይህ የበሽታ ስም ሳይሆን ኩላሊቱና ውስጣዊ አካሉ መውደቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ዓሣ እምብዛም አይድንም። ሌሎቹን ለማዳን መለየትና ውኃውን መመርመር ይቀድማል።

መኪና ውስጥ ያለው ጠርሙስ

አሁን ወደ ከብት መድኃኒቱ እንመለስ። የመጀመሪያው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። በብዙ ነጋዴ እጅ ስላለ ወደ ገንዳው የሚጨመረው እሱ ነው። ሦስት ችግሮች አሉት።

አንደኛ፣ ቴትራሳይክሊኖች በውኃ ውስጥ ካለ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ይጣበቃሉ። ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት የጉድጓድ ውኃ እነዚህን በብዛት ይይዛል። ስለዚህ በኛ ውኃ ላይ የተጨመረው መድኃኒት አብዛኛው ታስሮ ይቀራል፤ ዓሣው ጋ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በማጣሪያው ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ስለሚችል አሞኒያው ይነሳል። ሦስተኛ፣ መጠኑ አይገኝም። 20 በመቶ የሆነው መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም አለው። በከብት ሒሳብ፣ ማለትም በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ቢታሰብ፣ 50 ግራም ለሚመዝን ዓሣ የሚደርሰው 1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህም 0.005 ሚሊ ሊትር ነው። ከሲሪንጅ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ከዚህ አሥር እጥፍ ገደማ ትበልጣለች።

አይቨርሜክቲን ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ገንዳ አጠገብ አይድረስ። የመዥገር መርጫዎች፣ በተለይ እነ ሳይፐርሜትሪን፣ ለላም በማይሰማት መጠን ዓሣ ይገድላሉ። ከብት ሲረጩ ውለው እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ገንዳ ውስጥ አያስገቡ። የመርጫ ባልዲ ለገንዳ ውኃ አይሁን። የአየር ፓምፑም የሚስበው የክፍሉን አየር ስለሆነ ቤት ውስጥ ፀረ ዝንብ ሲረጭ ፓምፑን አጥፍተው ገንዳውን ይሸፍኑ።

ጨውም ቢሆን የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የሚያስፈልገው ተራ የገበታ ጨው ነው። ከኤል ሶድ የሚወጣው የከብት ጨው ሌሎች ማዕድናት አሉበት። ባቄላ ለማብሰል የሚጨመረው ማጋዲ ደግሞ ጨው ሳይሆን ሶዳ ነው፤ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ያለውን አሞኒያ በአንድ ጊዜ ወደ መርዝ ይቀይረዋል።

ይህ ጉዳይ ከገንዳም ያልፋል። ያለ ምርመራ፣ በግምት መጠን፣ ጀምሮ በማቋረጥ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ይፈጥራል። በገንዳ የምናደርገውን በበረትም እናደርገዋለን። ያን ጊዜ የሚከስረው 50 ግራም ዓሣ አይሆንም።

አዲስ ዓሣ፣ አዲስ በሽታ

አዲስ የተገዛ ፍየልን በቀጥታ መንጋ ውስጥ የማይቀላቅል ሰው ዓሣንም አይቀላቅልም። አንድ ትንሽ የላስቲክ ገንዳ፣ የአየር ፓምፕና ስፖንጅ ለማቆያ ይበቃል። ሁለት ሳምንት ትንሹ ነው፤ አራት ሳምንት ይመረጣል። መረቡና ባልዲው የየራሱ ይሁን።

ከረጢቱ ሲከፈትም ጥንቃቄ አለው። በጉዞ ላይ ዓሣው የተነፈሰው ጋዝ የከረጢቱን ውኃ ፒኤች ዝቅ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው አሞኒያ ብዙም አይጎዳውም። ከረጢቱ ተከፍቶ አየር ሲገባ ግን ፒኤቹ ይነሳል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ከረጢቱን ሳይከፍቱ ገንዳው ላይ ሩብ ሰዓት አንሳፍፈው ሙቀቱን ያመጣጥኑ፤ ከዚያ ከፍተው ሳይቆዩ ዓሣውን በመረብ ያውጡ። የከረጢቱን ውኃ ወደ ገንዳው አይጨምሩ።

ለሚበላ ቆሮሶ ጫጩት ለሚያጓጉዙ ነጋዴዎች ደግሞ የበለጠ ከባድ ነገር አለ። ቲላፒያ ሌክ ቫይረስ የሚባለው በሽታ በ2014 ከእስራኤል በተገኘ ጥናት ለዓለም ታወቀ። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2018 የታተመ ጥናት በቪክቶሪያ ሐይቅ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በኩል ከተያዙ ዓሦች ላይ ምልክቱን አገኘ። ሰው ላይ ጉዳት ማድረሱ አይታወቅም፤ ለዓሣው ግን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ጫጩት ከየት እርባታ እንደመጣ፣ የጤና ማረጋገጫ እንዳለው ሳይጠይቁ ድንበር ማሻገር፣ በሽታ ያለበትን መንጋ ያለ ወረቀት ከማሻገር አይለይም። የማይፈልጉትን የቤት ዓሣም ወደ ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ አይልቀቁ፤ የታመመ ገንዳ ውኃም እዚያ አይድፉ።

ሲሞትና ሳይድን ሲቀር

የሞተን ዓሣ ወዲያው ያውጡ፤ ሌሎቹ ይበሉታል፣ በሽታውም ይዛመታል። ለድመት ወይም ለዶሮ አይስጡ፤ ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። በእጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ሳያደርጉ ገንዳ ውስጥ እጅ አያስገቡ። ከዓሣ ወደ ሰው በተቆረጠ ቆዳ በኩል የሚገባ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ አለ፤ በጣት ላይ ለወራት የማይድን እብጠት ያመጣል። እንዲህ ያለ ቁስል ከወጣብዎ ለሐኪም ሲናገሩ የዓሣ ገንዳ እንዳለዎት ይንገሩት፤ ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

ዓሦች በተከታታይ ከሞቱ በኬንያ በኩል የንዑስ ካውንቲው የእንስሳት ጤና ወይም የዓሣ ሀብት ባለሙያ ይጠየቅ። በኢትዮጵያ በኩል በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በዘርፉ የቆየ ተቋም ነው። ባለሙያ ሲያነጋግሩ የገንዳውን ሊትር፣ የዓሦቹን ቁጥር፣ የመጨረሻ ውኃ የተቀየረበትን ቀን፣ የአሞኒያውንና የፒኤቹን ልክ፣ የተጨመረውንም ነገር ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩ። ከብቱ ስንት ቀን እንደተጓዘና ምን እንደተወጋ ሳይነገረው የሚያክም ሐኪም የለም።

በቤት ውስጥ ሊኖር የሚገባው ብዙ አይደለም፤ የውኃ መለኪያ፣ የክሎሪን ማጥፊያ፣ አንድ ኪሎ ተራ ጨው፣ ቴርሞሜትር፣ ለገንዳ ብቻ የተመደበ ባልዲና ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ አንድ ሁለት ጀሪካን ውኃ። ዓሣው ጥግ የያዘ ዕለት መጀመሪያ የሚነሳው ጀሪካኑ ይሁን፤ ጠርሙሱ ባለበት ይቆይ።